«ባንጊ ካለው ግንቤ ብሆን»፦ የሸፈተው መስፍን ፉከራ

በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ሰፎክ በሚባለው አውራጃ፣ ባንጊ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። (ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ጋር ሞክሼ ናት እንጂ ዝምድና የላቸውም።) ዌቭኒ የተባለ ወንዝ ተጠማዞ ያቅፋታል። መሃሏ ላይ የፈረሰ ግንብ ቆሟል። ከግንቡ ጋር ሁሌ የምትነሳ አንዲት አባባል አለች። ወደ እኛ ቋንቋ ስናመጣት እንዲህ ትላለች፦

በዌቭኒ ዳር፣ ባንጊ ካለው ግንቤ ብሆን፣
የኮክኒ ንጉሥ ለእኔ ምኔ ሊሆን!

ተናጋሪው ሂዩ ቢጎድ ነው ይባላል። በ12ኛው መቶ ዘመን የኖረ የኖርፎክ ኧርል ነው። ኧርል ማለት ሰፊ መሬትና የራሱ ጦር ያለው መስፍን በሉት።

ትርጉሟ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። ሰው በገዛ ደጁ ማንንም አይፈራም። ልጆች ሆነን ተደብድበን ስንሸሽ፣ አስፋልቱን ከተሻገርን በኋላ ዞር ብለን «ሰፈራችን ትመጣታለህ!» እንደምንለው ነው። ወንዙ መጠራቱም ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። «የወንዜ ልጅ» የሚል ሰው የዌቭኒን ነገር ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ብዙ ሰው ዘሏት የሚያልፋት ቃል ግን «ብሆን» ናት። ሰውየው «ግንቤ ውስጥ ነኝ» አላለም። «ብሆን» ነው ያለው። ፉከራው ግንቡ ውስጥ የሌለ ሰው ፉከራ ነው። ሜዳ ላይ ያለ፣ ምናልባትም የሚሸሽ ሰው። እኔ እንደሚመስለኝ የአባባሏ ጣዕም ሁሉ እዚች ላይ ነው።

እስቲ ሰውየውን እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1066 የኖርማንዲው ዊልያም እንግሊዝን ሲይዝ፣ መሬቱን ከነባሮቹ ባላባቶች ነጥቆ ለተከተሉት አደላቸው። የሂዩ አባት ሮጀር ቢጎድ ከእነዚህ አንዱ ነበር። በ1086 በተዘጋጀው ትልቁ የመሬት መዝገብ ላይ፣ በሰፎክ ብቻ ከመቶ የሚበልጥ ርስት በስሙ ሰፍሯል። ወራሹ ሌላ ልጁ ዊልያም ነበር። እሱ ግን በ1120 «ነጭ መርከብ» የምትባለው መርከብ ስትሰምጥ አብሮ ሰመጠ። ርስቱ ለሂዩ ደረሰው።

ሂዩ ደግሞ ቃል አይበረክትለትም። ንጉሥ ቀዳማዊ ሄንሪ ልጁን ማቲልዳን አልጋ ወራሽ አድርጎ ባላባቶቹን አስምሎ ነበር። በ1135 ሲሞት ሂዩ ብድግ አለና «ንጉሡ ሊሞት ሲል ሐሳቡን ቀይሯል» ብሎ ማለ። ያ መሐላ ስቲቨን የተባለውን የንጉሡን የእህት ልጅ ዙፋን ላይ ለማውጣት ረዳ። ዓመት ሳይሞላ ስቲቨን ሞተ የሚል ወሬ ተነዛ። ሂዩ ሮጦ የኖሪችን ግንብ ያዘ። ስቲቨን ግን አልሞተም። መጥቶ አስለቀቀው። ሂዩ ቀጥሎ ወደ ማቲልዳ ወገን ዞረ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም ነው ነገሩ።

የማቲልዳ ልጅ ዳግማዊ ሄንሪ ሲነግሥ ሂዩን በሚገባ ያውቀው ነበር። በ1157 ግንቦቹን ወሰደበት። በ1165 ሁለቱን፣ ፍራምሊንግሃምንና ባንጊን፣ መለሰለት። በነፃ አይደለም፤ 1,000 ፓውንድ አስከፍሎ ነው። በዚያው ዓመት ንጉሡ እዚያው ሰፎክ ውስጥ፣ ባሕሩ ዳር፣ ኦርፎርድ ላይ የራሱን ግንብ ማሠራት ጀመረ። ወደ 1,400 ፓውንድ ፈጀበት። እየመለሰለት በጎን ይጠብቀው ነበር ማለት ነው።

ሂዩም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ባንጊ ላይ የግድግዳው ውፍረት ከ5 ሜትር የሚያልፍ የድንጋይ ማማ አቆመ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ማማ እንደ አምባ ነው። ውስጡ እህልና ጉድጓድ ውኃ ካለ፣ ጥቂት ሰው ብዙ ጦር ያቆማል። የንጉሥ ጦር ደግሞ ሜዳ ላይ ለወራት አይቀመጥም። ስንቅ ያልቃል፣ ሰዉም ወደ ቤቱ ይላል። ፉከራው ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም።

አሁን ወደ «ኮክኒ» እንምጣ። ዛሬ ኮክኒ ሲባል የምሥራቅ ለንደን ሰውና አነጋገሩ ነው የሚታወሰው። ቃሉ ጥንት «የአውራ ዶሮ እንቁላል» ማለት ነበር፤ ትንሽ፣ ቅርጹ የተበላሸ እንቁላል። ከዚያ ለቅምጥል ልጅ ተባለ። ከዚያ ለከተማ ሞልቃቃ። ለለንደን ሰው ብቻ የሆነው ወደ 1600 ገደማ ነው። ስለዚህ «የኮክኒ ንጉሥ» ማለት የለንደን ንጉሥ ብቻ አይደለም፤ የሞልቃቆች ንጉሥ ማለትም ነው። ስድብ አለበት።

እዚህ ላይ ግን ነገሩ ይሸታል። ሂዩ የኖርማን ልጅ ነው፤ የቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ቃሉም በሱ ዘመን በዚህ ትርጉም አይታወቅም። ግጥሟ በጽሑፍ የተገኘችውም ከሞተ ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። እንግዲህ አባባሏን ያስቀመጠለት የሰፎክ ሰው ነው ብል አልሳሳትም። ለንደንን መናቅ የፈለገ ሰው የሟቹን ባላባት አፍ ተዋሰ። ደግሞ ዳግማዊ ሄንሪ ሞልቃቃ ነበር ቢባል ያስቃል። በዘመኑ የጻፉት እንደሚሉት ከፈረስ የማይወርድ፣ እግሩ በግልቢያ ብዛት የቆሰለ፣ አረፍ ብሎ የማይቀመጥ ሰው ነበር።

ሂዩ ይህን የተረዳው ዘግይቶ ነው። በ1173 የሄንሪ ልጆች አባታቸው ላይ ሸፈቱ። ሂዩ ወደ 80 የተጠጋ ሽማግሌ ቢሆንም አብሮ ሸፈተ። የሌስተር ኧርል ከባሕር ማዶ የፍላንደርስ ቅጥረኞችን ይዞ ሰፎክ ወረደ፤ ሂዩም ፍራምሊንግሃም ላይ ተቀበለው። በጥቅምት ፎርንሃም ላይ ተሸነፉ። ሂዩ ግን ልቡ አልተሰበረም። በ1174 ሰኔ ኖሪችን ዘረፈ።

ከዚያ ሁሉ ነገር በሁለት ሳምንት ተገለበጠ። ሐምሌ 12 ንጉሡ ካንተርበሪ ላይ በባዶ እግሩ ሄዶ፣ ጀርባውን ተገርፎ፣ የሱ ሰዎች ለገደሉት ለሊቀ ጳጳሱ ለቶማስ ቤኬት ሞት ንስሐ ገባ። በማግስቱ የሱ ሰዎች ሰሜን ላይ የስኮትላንድን ንጉሥ ማረኩለት። ቀጥሎ ፊቱን ወደ ሰፎክ አዞረ። ሐምሌ 25 ሳይልሃም በሚባል ቦታ ሂዩ መጥቶ እጁን ሰጠ። ሳይልሃም ያለው እዚያው ዌቭኒ ወንዝ ዳር ነው። ግንቡ ሩቅ አልነበረም፣ ወንዙም የራሱ ነው፤ የኮክኒው ንጉሥ ግን ፊት ለፊቱ ቆሟል።

ባንጊ ሄዶ ግንቡን ያየ ሰው አንድ ነገር ያገኛል። ከማማው አንድ ጥግ ሥር፣ በድንጋዩ ውስጥ የተቆፈረ ጠባብ ዋሻ አለ። ማማውን ለመጣል ተጀምሮ ሳይጨረስ የቀረ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ ቆፋሪዎች ከጥጉ ሥር ይገባሉ። የላዩን ግንብ በእንጨት ምሰሶ እየደገፉ ያሰፉታል። ከዚያ ጭራሮና ስብ ሞልተው እሳት ይለቁበታል። ምሰሶው ሲቃጠል ግንቡ ይናዳል። በ1215 ንጉሥ ጆን ሮቸስተር ላይ ለዚሁ ሥራ 40 የሰቡ አሳማዎች ላኩልኝ ብሎ የጻፈው ትእዛዝ አለ። ባንጊ ላይ እሳቱ ሳይለኮስ ቀረ። ሂዩ 1,000 ማርክ (ማርክ የፓውንድ ሁለት ሦስተኛ ነው) ቅጣት ከፈለ። የፍራምሊንግሃሙ ግንብ ግን ፈረሰ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1177፣ እሱም ሞተ።

ቤቱ ግን በዚህ አልተገራም። ልጁ ሮጀር በ1215 ንጉሥ ጆን ማግና ካርታን፣ የንጉሡን ሥልጣን የገደበውን ቻርተር፣ ማክበሩን እንዲቆጣጠሩ ከተመረጡት 25 ባላባቶች አንዱ ነበር። በ1297 ደግሞ ሌላ ሮጀር ቢጎድ ከቀዳማዊ ኤድዋርድ ጋር ተፋጠጠ። ንጉሡ ፈረንሳይ ውስጥ ወዳለው ወደ ጋስኮኒ ዝመት አለው። ሮጀር ንጉሡ ራሱ ካልሄደ አልሄድም አለ። «በእግዚአብሔር፣ ኧርል፣ ወይ ትሄዳለህ ወይ ትሰቀላለህ!» «በዚያው መሐላ፣ ንጉሥ ሆይ፣ አልሄድም፣ አልሰቀልምም!» እንዳለውም አልሄደም፣ አልተሰቀለም። ዛሬ ባንጊ ላይ ጎብኚ ፎቶ የሚነሳባቸው ሁለቱ ክብ የበር ማማዎች የዚህ ሮጀር ሥራ ናቸው።

ልጅ ግን አልነበረውም። በ1302 ርስቱን ለንጉሡ አስረክቦ፣ በሕይወት እስካለ ድረስ እንዲጠቀምበት መልሶ ተቀበለ። በ1306 ሲሞት ባንጊም ፍራምሊንግሃምም አንድ ቀስት ሳይወረወር ለዘውዱ ገቡ።