የአዲስ አበባ የሴቶች ፀጉር ቤት

"ፀጉር ቤት" በአዲስ አበባ አነጋገር ሴቶች ፀጉራቸውን የሚታጠቡበት፣ የሚተኮሱበትና ሹሩባ የሚሠሩበት፣ ከዚያም አልፎ ጥፍራቸውንና ቅንድባቸውን የሚያሰማምሩበት የንግድ ቤት ነው። ደጃፉ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ "የሴቶች የውበት ሳሎን" ይላል፤ ደንበኛዋ ግን "ፀጉሬን ልሠራ ነው" ብላ ከቤቷ ትወጣለች እንጂ "ሳሎን እሄዳለሁ" ስትል እምብዛም አትሰማም። በቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ካሉት ባለ መስታወት ሕንፃዎች ጀምሮ እስከ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤትና እስከ ቆርቆሮ ክፍል ድረስ፣ በከተማዋ ፀጉር ቤት የሌለበት ሠፈር ማግኘት ይቸግራል። የአንዲት ወጣት አዲስ አበቤ ቁንጅና፣ አለባበስ፣ የበዓል ዝግጅትና የጓደኝነት ኑሮ በአንድ ጣራ ሥር የሚገናኙትም እዚህ ነው።

ፀጉር ቤት ከመምጣቱ በፊት የሴት ልጅ ፀጉር የሚሠራው በቤት ውስጥ፣ በእናት ወይም እጇ በተመሰከረላት ጎረቤት ጉልበት መሃል ተቀምጦ ነበር። ፀጉር ዕድሜን ይናገር ስለነበር ቃላቱ ዛሬም ሁለት ትርጉም ይዘው ቀርተዋል፤ "ጋሜ" የልጅ ፀጉር አቆራረጥ ሲሆን የጉርምስና ዕድሜም መጠሪያ ነው፣ "ሳዱላ" ደግሞ አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው የተተወላት ልጃገረድ ፀጉርም ራሷ ልጃገረዷም ናት። ሹሩባ በሴቶች ብቻ የተወሰነ አልነበረም፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ሆኑ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በሥዕል የሚታወቁት ከሹሩባቸው ጋር ነው። ከሹሩባው ጋር ለጋ ቅቤው፣ እጅና እግር የሚቀላበት እንሶስላ፣ የድድና የአንገት ንቅሳት፣ የዓይን ኩል ነበሩ። ንቅሳቱ በከተማው ወጣት ዘንድ እየቀረ ሄዶ ዛሬ በአያቶች አንገት ላይ የሚታይ ሆኗል፤ ኩሉ ግን ስሙን ለሁሉም ዓይነት መዋብ አውርሷል። ፊቷን በውጭ አገር ዱቄትና ቀለም ያስጌጠችውም ሴት "ተኳኩላለች" ነው የምትባለው።

የዘመናዊው ፀጉር ቤት መሣሪያዎች ከየት እንደመጡ ስማቸው ያሳብቃል። ፀጉር የሚጠቀለልበት ቢጎዲን፣ የሚተኮስበት ፔስትራ፣ በሙቅ አየር የሚደርቅበት ፎን፣ ሙሽራዋ የምትለብሰው ቬሎ ሳይቀር ከጣሊያንኛ የተወረሱ ቃላት ናቸው። ፒያሳ የሚለው የሠፈር ስምም ከዚያው ነው። የሠፈሩ ነባር ስም አራዳ ግን ቦታነቱን ትቶ ወደ ሰው ተሻገረ፤ "አራዳ" ነቃ ያለ፣ አለባበስና አነጋገር ያወቀ ከተሜ ሲሆን ተቃራኒው "ፋራ" ነው። አንዲት ልጅ ከሁለቱ በየትኛው እንደምትመደብ ገና አፏን ሳትከፍት ከፀጉሯ ይነበባል ተብሎ ይታመናል፤ ፍርዱ ፍትሐዊ ነው ለማለት ባያስደፍርም።

አፍሮና አጭር ቀሚስ የከተማዋ ወጣቶች መለያ በነበሩበት ዘመን ይህ ፍርድ ፖለቲካም ሆኖ ነበር። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት በተዘጋጀ ጊዜ፣ ትርኢቱን የምዕራባውያን የባህል ወረራ አድርገው ያዩ ተማሪዎች ተቃውሞ አስነሡ፤ ለማየት የመጡ ሴቶች ተንገላቱ፣ ጉዳዩም ዩኒቨርሲቲውን እስከማዘጋት ደረሰ። የመሬት ላራሹን ጥያቄ ያነሣው ትውልድ በሴት ልጅ ቀሚስ ርዝመትም ላይ ድንጋይ ማንሣቱ በተማሪዎች ንቅናቄ ታሪክ ውስጥ ሲጠቀስ እንደ ጎን ወሬ ነው፤ በከተማዋ ሴቶች የአለባበስ ታሪክ ውስጥ ግን ዋና ምዕራፍ ሊሆን ይገባዋል።

የፀጉር ቤትን አሠራር ለማየት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመረጣል። በሩ አጠገብ ወረፋ ጠባቂዎች ተደርድረው ስልካቸውን ይነካካሉ። አንዷ አንገቷን በመታጠቢያው ጠርዝ ላይ አጋድማ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ቢጎዲን የተጠቀለለላት ሌላዋ ራስ ላይ በሚወርደው ማድረቂያ፣ ካስክ ውስጥ ገብታ ጆሮዋ ስለማይሰማ ስትናገር ትጮኻለች። ፔስትራ የያዘችው ሠራተኛ ፀጉሩን በማበጠሪያ ጫፍ ስስ ስስ አድርጋ ትከፍላለች፣ ከሥሩ ይዛ እስከ ጫፉ በአንድ ትንፋሽ ትስባለች፣ የሞቀ ቅባት ሽታ ያለው ጢስ ብን ይላል፤ ደንበኛዋም ጆሮዋን በመዳፏ አጥፋ ትይዛለች፣ ምክንያቱም ፔስትራ ጆሮ ሲነካ ምን እንደሚያደርግ አንድ ጊዜ የቀመሰች አትረሳውም። መብራት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ግማሹ ራስ ተተኩሶ ግማሹ እንደተበተነ ሳለ ነው። ጄኔሬተር ያለው ቤት ያስነሣል፤ የሌለው ሻይ ያቀርባል፣ ነጠላ ያውሳል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሠፈሮች ደግሞ ባለቤቷ ጣራ ላይ ሮቶ ታስቀምጣለች፤ ሮቶው ሲያልቅ በጀሪካን የተቀዳ ውኃ በምድጃ ሞቆ በማንቆርቆሪያ ይፈሳል።

ሹሩባ የራሱ ጥግና የራሱ ሰዓት አለው። የምትሠራዋ ልጅ ከደንበኛዋ ኋላ ትቆማለች ወይም ከፍ ባለ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ ፀጉሩን በቀጭን መስመር እየከፈለች ከግንባር ጀምራ ቆዳው ላይ እያጣበቀች ትጎነጉናለች፣ ማጅራት ላይ ስትደርስም ትለቀዋለች፣ የተለቀቀውም ትከሻ ላይ ይበተናል። አልባሶ ወፈር ያለ ጉንጉን ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ ቀጫጭኑና ዊግ የሚገባበት ራስታ ግን ሁለት ልጆች ተጋግዘውበትም ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። በጣም ከጠበቀ ቅንድብን ወደ ላይ ይስባል፤ የመጀመሪያው ሌሊት ትራስ ላይ መተኛት ፈተና ነው። ጠበቅ ብሎ የሚደጋገም ሹሩባ የግንባር ፀጉርን እንደሚያሳሳ የቆዳ ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ፤ በየቤቱ ያሉ እናቶችም ያንኑ ሲሉ ኖረዋል።

የሠራተኞቹ ኑሮ ከወር ደመወዝ ይልቅ በ"ፐርሰንት" የተመሠረተ ነው። ከእያንዳንዱ ራስ የሚገኘው ገንዘብ ለባለቤቷና ለሠራተኛዋ በተስማሙበት ድርሻ ይከፈላል፤ አንዳንዷ ደግሞ ወንበር ትከራይና የራሷን ደንበኛ ታስተናግዳለች። አዲስ ገቢ ልጅ የምትጀምረው ፀጉር በማጠብ፣ ወለል በመጥረግና ቢጎዲን በማቀበል ነው፤ ከዚያ መጠቅለል፣ ቀጥሎ መተኮስ፣ በመጨረሻም መቀስ ትይዛለች። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት የፀጉር ሥራን በደረጃ ያስተምራሉ፣ የብቃት ማረጋገጫ ምዘናም አለ፤ ደንበኛ ግን የምስክር ወረቀት ስትጠይቅ አትታይም። የምትጠይቀው ስለ እጅ ነው። "እጇ ይስማማኛል" የምትባል ሠሪ ፀጉር ታሳድጋለች ተብሎ ይታመናል፤ ፀጉሩ ከተነቃቀለ ደግሞ ቅባቱ ሳይሆን "እጇ አልተስማማኝም" ይባላል። ስለዚህም ጥሩ እጅ ያላት ልጅ ቤት ስትቀይር ደንበኞቿ ተከትለዋት ይሄዳሉ፤ በባለቤቶችና በሠራተኞች መካከል ለሚነሣው ጠብ ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

ቤቱ የሚመራው በዘመን መቁጠሪያው ነው። የእንቁጣጣሽ፣ የገና፣ የጥምቀትና የፋሲካ ዋዜማ ሠራተኞቹ እስከ እኩለ ሌሊት የሚቆሙባቸው ቀናት ናቸው። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" የሚለው ተረት ለፀጉርም ይሠራል፤ ጥር 10 ቀን ሹሩባ ያልተሠራች ልጅ በማግስቱ ጃን ሜዳ ከጓደኞቿ ጋር ፎቶ ለመነሣት ታንገራግራለች። ለዒድ ዋዜማ ሒናው ይደምቃል፤ በመርካቶ ዙሪያ ያሉ ብዙ ቤቶች ሂጃብ ለሚለብሱ ደንበኞች መጋረጃ የተጋረደበት ክፍል ወይም ወንድ የማይገባበት ፎቅ ያዘጋጃሉ። በሰኔና በሐምሌ የዩኒቨርሲቲ ምርቃት አለ። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት በአንጻሩ ሠርግ ስለማይደገስባቸው ወንበሮች ባዶአቸውን ይውላሉ፣ ሠራተኞችም እርስ በርስ ፀጉር ሲሠራሩ ይታያሉ። ሐዘንም ሕግ አለው፤ የቅርብ ዘመዷ የሞተባት ሴት ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ሸፍና ቢያንስ እስከ አርባው ትቆያለች፣ ከዚያ በኋላ "እስቲ ፀጉርሽን ተሠሪ" ብሎ እጇን ይዞ የሚወስዳት ጓደኛ ያስፈልጋታል።

የሠርግ ቀን ከሁሉም የተለየ ነው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሙሽራዋና ሚዜዎቿ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ቤቱን ይይዙታል፣ ምክንያቱም ሙሽራው ጠዋት በጭፈራ ታጅቦ ከመድረሱ በፊት ፀጉሩ፣ ሜካፑና ቬሎው ማለቅ አለባቸው። በዚያ ጎህ ሳይቀድ ሚዜዎቹ ሳንድዊች ይበላሉ፣ ፎቶ አንሺው በሩ ላይ ያንኳኳል፣ አንዲት አክስት ደግሞ ሜካፑ በዝቷል ብላ ትቆጣለች። ለቀኑ ቬሎ የተተኮሰው ፀጉር ለመልስ ፈርሶ ወደ ሹሩባ ይለወጣል፤ መልስ ላይ የምትለብሰው የሐበሻ ልብስና ካባ ስለሆነ ሹሩባ እንጂ የተተኮሰ ፀጉር አይመጥነውም።

ይህ የፀጉርና የልብስ ጥንድነት ፀጉር ቤቱን ከሽሮ ሜዳ ጋር ያስተሳስረዋል። በእንጦጦ ግርጌ ያለው ይህ ገበያ አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች የሠሩት ጥበብ የሚሸጥበት ሲሆን፣ ፈትል፣ መነንና ሳባ እያሉ የሚለዩ ዕውቀት ያላቸው ገዢዎች አሉት። በቅርብ ዓመታት ወጣቶቹ ቀለለ ያለውን የሽፎን ሐበሻ ቀሚስ ወደውታል፤ አሮጌዎቹ ነጋዴዎች ሽፎኑን እየሸጡም ይነቅፉታል። የአዲስ አበባዋ ተወላጅ ሞዴል ሊያ ከበደ በ1999 ዓ.ም. ገደማ ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅቷን ስትመሠርት ከሸማኔዎች እጅ ሥራ መነሣቷ ይታወቃል። በአዘቦት ቀን ግን የከተማዋ ልጅ የምትለብሰው ጂንስ፣ ከዱባይና ከቱርክ በሻንጣ የመጣ ቀሚስ፣ ወይም ከሰልባጅ ክምር ተመርጦ በልብስ ሰፊ ወገቡ የተጠበበ ጃኬት ነው። ከሰልባጅ ተመርጦ ሽክ ማለት የራሱ ክብር አለው፤ ዋጋውን መናገርም የጨዋታው አካል ነው።

ጨዋታ ካነሣን፣ ፀጉር ቤት ወሬ የሚበዛበት ቦታ ነው መባሉ እውነት ነው፤ ግን ወሬው ሥራ ይሠራል። የቤት ሠራተኛ የምትፈልግ፣ የሚከራይ ክፍል ያላት፣ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርት ያወጣች፣ ከዚያም የተመለሰችና ባጠራቀመችው ገንዘብ የራሷን ቤት ልትከፍት የምታስብ እዚሁ ይገናኛሉ። ብዙ ቤቶች ሠራተኞችና ደንበኞች አብረው የሚጥሉት የሳምንት እቁብ አላቸው፤ ቡና ሲፈላም ማንም ሳይጠየቅ ሲኒ ይደርሰዋል። እናት ያልሰማችው ፍቅር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነገረው ለፀጉር ሠሪዋ ነው፣ ምናልባትም ፊት ለፊት ሳይሆን በመስታወት ውስጥ ስለሚተያዩ ይሆናል።

የሚሠራበት ዕቃ በአብዛኛው ከውጭ ስለሚመጣ የፀጉር ቤት ዋጋ ከዶላር ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ ይበልጡን ይወጣል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ካገዳቸው 38 የዕቃ ዓይነቶች መካከል ሽቶና የመዋቢያ ምርቶች ስለነበሩ፣ ፀጉር የሚያለሰልሰው ሪላክሰርና ቀለሙ በመንገደኛ ሻንጣ ላይ ተንጠለጠለ። ክልከላው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ተነሣ፤ ዕቃው ተገኘ፣ ብሩ ግን ረከሰ። በዚህ መሃል ወደ አገር ቤት መድኃኒት የሚመለሱ በዝተዋል፤ ቅቤ፣ ሬት፣ እርድና ማር በየቤቱ ዋጋ ዝርዝር ላይ ገብተዋል፣ በሰሜን ሴቶች የሚታወቀው የወይባ ጢስም ከሞሮኮ ባዝ ጎን ለጎን ይሸጣል። በየጥጉ ያለ ስም የሚቸበቸበው ቆዳ የሚያነጣ ክሬም ግን ከሁሉም አደገኛው ነው፤ እንዲህ ያሉ ክሬሞች ሜርኩሪ ወይም ኃይለኛ የስቴሮይድ መድኃኒት ሊይዙ ይችላሉ፣ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ሜርኩሪው ኩላሊትም ይጎዳል።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ፒያሳን ጨምሮ የመሃል ከተማ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ በውስጣቸው የነበሩ ፀጉር ቤቶችም ተነሡ። አንዳንዶቹ ወደ ኮንዶሚኒየም ሠፈሮች ምድር ቤት ገቡ፣ አንዳንዶቹ ሠራተኞች በስልክ እየተጠሩ ቤት ለቤት መሥራት ጀመሩ። ደንበኛ ፍለጋው በቲክቶክና በቴሌግራም ሆኗል፤ ሠሪዋ ከመጀመሯ በፊት የተበተነውን፣ ስትጨርስ የተዋበውን ፀጉር ከኋላ ትቀርጻለች፣ ፊት የማይታየው ደንበኛዋ ባሏ ወይም አባቷ እንዳያያት ስለምትል ነው። ከቪዲዮው ሥር የሚጻፈው ጥያቄ ግን ያው የድሮው ነው፦ ስንት ነው፣ የት ሠፈር ናችሁ፣ ቅዳሜ ወረፋ አለ ወይ።