የሙንሽሃውዘን ባላባቶች፦ የአንድ ሰሜን ጀርመናዊ ቤተሰብ ታሪክ

ሙንሽሃውዘን በሰሜን ጀርመን ከዌዘር ወንዝ አካባቢ ተነሥቶ ዛሬ ታችኛው ሳክሶኒ በሚባለው አገርና በአጎራባቾቹ የተሠራጨ የባላባት ቤተሰብ ነው። የራሱ የሆነ ግዛት ገዝቶ አያውቅም። አባላቱ ለጳጳሳት፣ ለመሳፍንትና ለነገሥታት እያገለገሉ የኖሩ ባለርስቶች ሲሆኑ፣ ማዕረጋቸውም ባሮን ነበር። ዓለም ስሙን የሚያውቀው በአንድ ቀልደኛ አባሉ የተነሣ ቢሆንም፣ ከዚያ ሰው በፊት ቤተሰቡ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ኖሯል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ መጀመሪያ በሰነድ የተገኘው በ1183 ሲሆን፣ የተጠቀሰው ሰው ሬምበርት ይባላል። ጥንታዊ መንደራቸው በሎኩም ገዳም አቅራቢያ የነበረች ሲሆን ከጠፋች ቆይታለች። የቤተሰቡ አፈ ታሪክ እንደሚለው፣ በአንድ ወቅት ከዘሩ የተረፈው ወንድ አንድ መነኩሴ ብቻ ስለነበረ፣ የሮማው ጳጳስ ቆቡን ጥሎ እንዲያገባና ዘር እንዲተካ ፈቅደውለታል። በቤተሰቡ ጋሻ ላይ በትር ይዞ የቆመ መነኩሴ እስከ ዛሬ ይታያል።

በ13ኛው ምዕተ ዓመት ቤቱ «ጥቁር» እና «ነጭ» በተባሉ ሁለት የዘር ሐረጎች ተከፈለ። ርስቱ በወንድማማቾች መካከል ስለሚከፋፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየጠበበ ይሄድ ነበር፤ በመሆኑም ባላባት ሆኖ ለመኖር ከመሬት ሌላ ገቢ ያስፈልግ ነበር። የዚህን ቤተሰብ ታሪክ ለመረዳት ከጋብቻና ከልደት መዝገብ ይልቅ ይህን ገቢ መከተል ይሻላል።

በ16ኛው ምዕተ ዓመት ገቢው ጦርነት ነበር። ሂልማር ፎን ሙንሽሃውዘን (1512–1573) ወታደር እየመለመለ ለከፋይ ነገሥታት የሚያዘምት የቅጥረኛ ጦር አዝማች ሲሆን፣ የስፔኑ ዳግማዊ ፊሊጶስም ከቀጣሪዎቹ አንዱ ነበር። ባገኘው ሀብት በ1564 በማግደቡርግ አቅራቢያ የሚገኘውን ላይትስካው የተባለ የቀድሞ ገዳም ገዛ። እርሱ ከሞተ በኋላ ሽዎበር በተባለው ርስታቸው ትልቁን ግንብ ያሠራችው ባለቤቱ ሉሲያ ፎን ሬደን ናት። በእኔ ግምት የቤተሰቡን ሀብት ወደ ድንጋይ የለወጠችው ከማንም በላይ እርሷ ናት።

ልጃቸው ስታትዩስ (1555–1633) በዚሁ ቀጠለ። ከ1603 እስከ 1612 በቤቨርን ያሠራው ባለ አራት ማዕዘን ግንብ በአካባቢው የሕንፃ ጥበብ ታሪክ ስሙ በክብር የሚነሣ ነው። ሆኖም ስታትዩስ ገንዘብ የሚያበድር፣ ራሱም በብድር የሚሠራ ሰው ስለነበር፣ ጀርመንን ያወደመው የሠላሳው ዓመት ጦርነት (1618–1648) ሊጀመር በተቃረበባቸው ዓመታት በዕዳ ወደቀ፤ ቤቨርንም ከጊዜ በኋላ የብራውንሽቫይክ መሳፍንት መኖሪያ ሆነ።

በ18ኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ እንጀራቸው የመንግሥት ሹመት ሆነ። ከሁሉም የላቀው ጌርላክ አዶልፍ (1688–1770) ሐኖቨር የተባለው የሰሜን ጀርመን ግዛት ሚኒስትር ሲሆን፣ በ1734 ትምህርት የጀመረውና በ1737 በይፋ የተመረቀው የጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ በዋናነት የእርሱ ሥራ ነው። የነገረ መለኮት መምህራን የሌሎችን ክፍሎች ትምህርት የመመርመር ሥልጣን እንዳይኖራቸው ማድረጉ በዚያ ዘመን ደፋር እርምጃ ነበር። ለኢትዮጵያ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር፤ የ1906ቱን የጀርመን የአክሱም ጥናት ጉዞ የመራው ኤኖ ሊትማን በኋላ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል።

ታዋቂው ሂሮኒሙስ ካርል ፍሪድሪኽ የተወለደው በ1720 በቦደንቨርደር ነው። አባቱ ገና በልጅነቱ ስለሞተ ለብራውንሽቫይክ ቤተ መንግሥት አሽከርነት ተሰጠ፤ ከዚያም ልዑል አንቶን ኡልሪኽን ተከትሎ ሩሲያ ሄደና በሪጋ በፈረሰኛ ጦር ተመደበ። ልዑሉ በጋብቻ ከሩሲያ ንጉሣዊ ቤት ጋር ተዛምዶ ነበርና፣ ቤተሰቡ በ1741 በመፈንቅለ መንግሥት ሲታሰር የእርሱም እድገት ቆመ። በ1750 የሻምበልነት ማዕረግ ካገኘ በኋላ ወደ ርስቱ ተመልሶ በአደንና በጨዋታ ይኖር ጀመር። በ1763 በአትክልት ስፍራው ባሠራው ትንሽ ቤት እንግዶቹን ሰብስቦ የሩሲያ ትዝታውን፣ ፈገግ እንኳ ሳይል፣ እያጋነነ ይተርክላቸው ነበር።

እነዚህን ታሪኮች በ1785 ስሙን ደብቆ በእንግሊዝኛ ያሳተመው ሩዶልፍ ኤሪኽ ራስፔ ነው፤ ይህ ሰው በካሰል እንዲጠብቃቸው ከተሰጡት የከበሩ ሳንቲሞች ሰርቆ ወደ እንግሊዝ የሸሸ ምሁር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ጎትፍሪድ አውጉስት ቡርገር ወደ ጀርመንኛ ሲመልሰው በመድፍ ጥይት ላይ የመጋለቡንና የገዛ ፀጉሩን ጎትቶ ከረግረግ የመውጣቱን ታሪክ ጨመረ። ሁለቱም በጎቲንገን የተማሩ ናቸው፤ ባሮኑን መሳቂያ ያደረጉት ሰዎች ዘመዱ ካቋቋመው ትምህርት ቤት መውጣታቸው የሚያስገርም ነው። ባሮኑ በመጽሐፉ ክፉኛ ተቆጣ። የመጨረሻ ዓመታቱን ያከበደበት ግን ሌላ ነው፤ ልጅ ሳይወልዱ አርባ ስድስት ዓመት አብራው የኖረችው ያኮቢነ ፎን ዱንተን በ1790 ስትሞት፣ በ1794 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረች ቤርናርዲነ ፎን ብሩን የምትባል ልጃገረድ አገባ። ጋብቻው ወዲያው ፈረሰ፤ የተወለደችውንም ሕፃን የእኔ አይደለችም ብሎ ስለ ካደ የፍርድ ቤት ክርክሩ ሀብቱን በላው፤ በየካቲት 22 ቀን 1797 ሞተ።

ከኋለኞቹ መካከል ባለቅኔው ቦሪስ ፎን ሙንሽሃውዘን (1874–1945) ይጠቀሳል። በ1900 በአይሁድ ታሪክ ላይ የተመሠረቱ ግጥሞች ጽፎ ያሳተመ ሰው ሲሆን፣ በኋላ የናዚ ሥርዓት ደጋፊ ሆነ፤ ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል በመጋቢት 1945 ራሱን አጠፋ።

የ1919ኙ የቫይማር ሕገ መንግሥት የባላባትነትን መብት ሽሮ ማዕረጉን የስም አካል ብቻ አደረገው። በ1945 ደግሞ በሶቪየት በተያዘው የጀርመን ክፍል ከ100 ሄክታር በላይ የሆነ ርስት ያለ ካሣ ሲወረስ ላይትስካው ከቤተሰቡ እጅ ወጣ። በምዕራብ ከነበሩት ሕንፃዎች ሽዎበር ሆቴል ሲሆን፣ በቦደንቨርደር የሂሮኒሙስ የትውልድ ቤት የከተማው ማዘጋጃ ቤት ሆኖ ያገለግላል።