«የሳይነስ ኦፕራሲዮን» የሚባለው ሴፕቶፕላስቲ ምንድን ነው?

አዳማ ውስጥ አፍንጫው የታፈነ ሰው ሁሉ «ሳይነስ አለብኝ» ይላል፤ የአፍንጫው አካፋይ ግድግዳ የተቃናለትም «የሳይነስ ኦፕራሲዮን ተደረገልኝ» ይላል። ይህን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት፣ ሰሞኑን አንድ ሰው በሙሉ እርግጠኝነት «ኦፕራሲዮን እንዳትደረጉ፣ ሳይነስ ተመልሶ ይበቅላል» ሲል የሰማሁትን ነው። ሴፕቶፕላስቲ፣ ማለትም ይህን አካፋይ ግድግዳ የማቃናት ቀዶ ሕክምና፣ ሳይነስን አይነካም፤ የሚያቃናው ግድግዳም እንደ ሣር ታጭዶ የሚበቅል ነገር አይደለም።

የአፍንጫን ውስጥ መሃሉ ላይ አካፋይ እንዳለው የከተማችን አስፋልት ቁጠሩት። አካፋዩ፣ ከፊት ልም አጥንት ከኋላ አጥንት የሆነው ሴፕተም ነው። ዳርና ዳር ላስቲክ ያነጠፉት የጉልት ነጋዴዎች ተርቢኔቶች፣ ማለትም ከአፍንጫ የጎን ግድግዳ ወደ ውስጥ የወጡት ሥጋማ ክፍሎች ናቸው፤ ደም ሲሞላቸው ወደ መንገዱ ይገባሉ፣ ሲቀንስ ይሰበሰባሉ። በጤነኛ ሰው እንኳ በየጥቂት ሰዓቱ አንዱን ወገን በተራ ያጠባሉ። ሳይነሶች፣ ማለትም በፊት አጥንት ውስጥ ያሉት አየር የያዙ ክፍተቶች፣ ደግሞ በራቸው ወደ መንገዱ የሚከፈት ሱቆች ናቸው። አካፋዩን ማቃናት ሱቅ አያጸዳም፣ ነጋዴም አያስነሣም፤ አለርጂ ያለበት ሰው የበጋው አቧራ ሲነሣ እንደገና የሚታፈነው በዚህ ምክንያት እንጂ የተቆረጠው በቅሎ አይደለም። በመስተዋት አይተው «ሥጋ በቀለብኝ» የሚሉትም ብዙ ጊዜ ያዩት አብሯቸው የተወለደውን ተርቢኔት ነው። በእርግጥ ተመልሶ የሚበቅለው ፖሊፕ፣ ማለትም ከአፍንጫና ከሳይነስ ሽፋን የሚወጣ ለስላሳ እብጠት ነው፤ እርሱ ግን ሌላ በሽታ፣ ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው።

ሥራው የሚከናወነው በአፍንጫ ቀዳዳ በኩል ስለሆነ ፊት ላይ ጠባሳ አይቀርም፤ ስስ ሽፋኑ ተገልጦ የተጣመመው ክፍል ይቃናል ወይም ይወጣል፣ ከላይና ከፊት ግን አፍንጫው እንዳይሰምጥ ቢያንስ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ድጋፍ ይተዋል። ተርቢኔትም አብሮ ሊቀነስ ይችላል፤ ነገር ግን አየሩን የሚያሞቀውና የሚያረጥበው እርሱ ስለሆነ ከልክ በላይ ከተወሰደ መንገዱ ሰፍቶ እንኳ ሰውየው ታፈንኩ ማለቱን አይተውም። (ሳልጠየቅ ልጨምር፦ አፍንጫው ተመትቶ ሁለቱም ወገን የተዘጋበት ልጅ በዚያው ቀን ይታይ፤ በግድግዳው ላይ የተጠራቀመ ደም ልም አጥንቱን ይገድላል።)

አንድ የባጃጅ ሾፌር ለሁለት ዓመት ያልተለየውን የአፍንጫ ጠብታ ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። ጠብታው ደንብ አስከባሪ ነው፤ ሲመጣ ነጋዴው ይበተናል፣ ሲሄድ በእጥፍ ይመለሳል፤ ከሳምንት በላይ የማይታዘዘውም ለዚህ ነው። ኦፕራሲዮን እንዲደረግለት ለምኖኝ ነበር። ያንኑ ጠብታ ጨመርኩለትና ሩብ ሰዓት ጠበቅን፤ በሁለቱም ቀዳዳ ያለችግር ተነፈሰ። አካፋዩ ትንሽ ዘመም ያለ ቢሆንም እንዳይተነፍስ ያደረጉት ያበጡት ተርቢኔቶች እንጂ እርሱ አልነበረም።