ሮድሪጎ ኪያን ኪሮጋ፦ ከሲግናል ትንተና እስከ ጽንሰ ሐሳብ ሕዋሳት

ሮድሪጎ ኪያን ኪሮጋ በ1967 እ.ኤ.አ. በአርጀንቲና ቦነስ አይረስ የተወለዱ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ናቸው። ስማቸው ይበልጥ የሚነሣው በሰው አንጎል ውስጥ አንድን ሰው ወይም አንድን ስፍራ፣ ፎቶው ምንም ያህል ቢለያይ፣ ለይተው ምላሽ የሚሰጡ ኒውሮኖችን (የነርቭ ሕዋሳትን) በማሳየታቸው ነው። ግኝቱ የመጣው ግን ከቀዶ ሕክምና ክፍል ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት ለዓመታት የሠሩበት የሲግናል ትንተና ባይኖር ኖሮ፣ እነዚያ ኒውሮኖች ከአንጎል በተቀዳው የኤሌክትሪክ ሲግናል ውስጥ እያሉ ሳይታዩ በቀሩ ነበር።

የመጀመሪያ ትምህርታቸው በቦነስ አይረስ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ነበር። የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1998 በጀርመን ሉቤክ ዩኒቨርሲቲ በተግባራዊ ሒሳብ ካገኙ በኋላ፣ በዚያው በጀርመን በዩሊክ የምርምር ማዕከል ሠርተዋል። ቀጥለው በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በተለምዶ ካልቴክ በሚባለው፣ ቆይተው በ2004 ወደ እንግሊዙ ሌስተር ዩኒቨርሲቲ ሄዱ፤ በዚያም የነርቭ ሳይንስ ማዕከል መርተዋል። ኋላም ምርምራቸውን ወደ ባርሴሎና አዛወሩ።

የሉቤክ ሥራቸው ያተኮረው ከራስ ቅል ላይ በሚቀዳው የአንጎል ኤሌክትሪክ፣ ማለትም በኢኢጂ ላይ ነው። መላ ሰውነትን የሚያንዘፈዝፍ የሚጥል በሽታ ሲነሣ የጡንቻዎች ኤሌክትሪክ የአንጎሉን ሲግናል ስለሚሸፍነው፣ ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ የሚያየው የተደበላለቀ መስመር ይሆናል። የተለመደው የፉሪየር ትንተና በሲግናሉ ውስጥ የትኛው ድግግሞሽ እንዳለ ይናገራል፤ መቼ እንደመጣ ግን አይናገርም። ዌቭሌት የሚባለው ስልት ይህን ጉድለት የሚሞላው የመመልከቻ መስኮቱን እንደ ድግግሞሹ በማጥበብና በማስፋት ነው፤ ለፈጣኑ ሞገድ ጠባብ፣ ለዝግተኛው ሰፊ። ኪያን ኪሮጋ ይህንኑ መሣሪያ አንጎል ለአንድ ድምፅ ወይም ምስል የሚሰጠውን ደካማ ምላሽ ለማጥራትም ተጠቅመውበታል። እንዲህ ያለ ምላሽ ብዙውን ጊዜ የሚታየው የበርካታ ሙከራዎች አማካይ ተወስዶ ነው። አማካዩ ግን ሰውየው እየለመደ ወይም እየደከመ ሲሄድ በየሙከራው የሚመጣውን ለውጥ ያጠፋዋል። በዌቭሌት ከተጣራ እያንዳንዱን ሙከራ ለብቻው ማየት ይቻላል።

ከሰው አንጎል የነጠላ ኒውሮን ቅጂ እንዴት ይገኛል?

ጤነኛ ሰው አንጎል ውስጥ ለምርምር ብሎ ሽቦ የሚያስገባ የለም። ዕድሉ የሚገኘው መድኃኒት ካልረዳቸው የሚጥል በሽታ ሕሙማን ነው። ሕመሙ የሚነሣበትን ቦታ አውቆ በቀዶ ሕክምና ለማስወገድ፣ ሐኪሞች ቀጫጭን ኤሌክትሮዶችን ወደ ውስጥ አስገብተው ሕመምተኛውን ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ያህል ሆስፒታል ውስጥ ይከታተላሉ። ኤሌክትሮዱ የት እንደሚገባ የሚወስነው ሕክምናው ብቻ ነው፤ ተመራማሪው አስተያየት የለውም። ኪያን ኪሮጋ በዚህ ሥራ የተባበሩት በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ከሆኑት ከኢትዝሃክ ፍሪድ ጋር ነው።

የሕክምናው ኤሌክትሮድ እንደ ቱቦ ክፍት ስለሆነ፣ በውስጡ አልፈው ከጫፉ በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚወጡ 9 ጥቃቅን ሽቦዎች ይጨመሩበታል። የእያንዳንዱ ሽቦ ውፍረት 40 ማይክሮ ሜትር ነው። ስምንቱ ይቀዳሉ፤ ዘጠነኛው ማነጻጸሪያ ነው። ግኝቱን ባወጣው የ2005 ጥናት ቅጂው የተወሰደው በሰከንድ 28,000 ናሙና ነበር። ስምንት ኤሌክትሮድ የገባለት ሰው 64 የቅጂ መስመር ይኖረዋል፤ ከግማሽ ሰዓት ቅጂ ከ3 ቢሊዮን በላይ ቁጥሮች ይወጣሉ ማለት ነው። ክፍሉ ደግሞ ቤተ ሙከራ አይደለም። የአልጋው ሞተር፣ የመድኃኒት ፓምፑ፣ መብራቱ፣ ሁሉም ጫጫታውን ይጨምራል።

የስፓይክ ልየታ

አንድ ጥቃቅን ሽቦ በአካባቢው ያሉትን የብዙ ኒውሮኖች ስፓይክ፣ ማለትም ኒውሮን ሲነቃ የሚለቀውን አጭር የኤሌክትሪክ ምት፣ በአንድነት ይሰማል። የትኛው ስፓይክ የማን እንደሆነ መለየት የስፓይክ ልየታ ይባላል። ኪያን ኪሮጋ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ2004 ያወጡት ዌቭ ክለስ የተባለው ስልት በዚህ መስክ በሰፊው ይሠራበታል።

በመጀመሪያ ቅጂው ከ300 እስከ 3,000 ኸርዝ ባለው ክልል ይጣራል። ማጣሪያው ሲግናሉን ወደፊትም ወደኋላም ማለፍ አለበት፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ካለፈ የስፓይኩ ቅርጽ ይዛባል፣ በእውነተኛው ስፓይክ ላይ ያልነበረ ጉብታም ይፈጠራል። ከዚያ የመለያ ወሰን ይቀመጣል፤ ከወሰኑ በላይ የዘለለው ሁሉ ስፓይክ ተብሎ ይወሰዳል። ብዙዎች ወሰኑን በሲግናሉ መደበኛ ልይይት፣ ማለትም ዋጋዎቹ ከአማካዩ በሚርቁበት መጠን፣ ያሰሉት ነበር። ችግሩ፣ ስፓይኮቹ ራሳቸው ልይይቱን ስለሚያንሩት፣ ኒውሮኑ በበረታ ቁጥር ወሰኑ ከፍ ይልና ትንንሾቹ ስፓይኮች ይጠፋሉ። የኪያን ኪሮጋ መፍትሔ ቀላል ነው፦ የሲግናሉን ፍጹም ዋጋዎች ሚዲያን (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለውን ቁጥር) ወስዶ ለ0.6745 ማካፈል፣ ውጤቱን በ4 ማባዛት። ስፓይክ ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚወስድ ሚዲያኑን እምብዛም አያነቃንቀውም።

የተገኘው እያንዳንዱ ስፓይክ በ64 ናሙናዎች ተቆርጦ ጫፍ ለጫፍ ይገጣጠማል። ናሙናዎቹ መሐል ያለው ክፍተት በስሌት ሳይሞላ ከተገጠመ የአንድ ኒውሮን ስፓይኮች ተንሸራተው ሁለት ቡድን ሊመስሉ ይችላሉ። ቀጥሎ ሃር የተባለው የዌቭሌት ዓይነት ስፓይኩን ወደ 64 ቁጥሮች ይለውጠዋል፤ ከእነዚህ 10ሩ ብቻ ይመረጣሉ። የሚመረጡትም ሥርጭታቸው ከደወል ቅርጽ ይበልጥ የራቀው ናቸው፤ ሁለት ጉብታ ያለው ሥርጭት ሁለት ኒውሮን መኖሩን ይጠቁማልና። ቀድሞ የተለመደው የዋና ክፍሎች ትንተና የተባለው የስታቲስቲክስ ስልት ግን የሚይዘው ብዙ ልይይት ያለውን አቅጣጫ ነው፤ ያ ደግሞ ሁልጊዜ ቡድኖቹን የሚለየው አቅጣጫ አይደለም።

መቧደኛው የተወሰደው ከማግኔት ፊዚክስ ነው። እያንዳንዱ ስፓይክ ከ11 ቅርብ ጎረቤቶቹ ጋር የተሳሰረ እንደ ትንሽ ማግኔት ይቆጠራል። «ሙቀቱ» ዝቅ ሲል ሁሉም አንድ ቡድን ይሆናሉ፤ በጣም ሲጨምር ሁሉም ይበታተናሉ፤ መሐል ላይ እርስ በርስ የሚመሳሰሉት አብረው ይቆያሉ። ሙቀቱን በትክክል አለመምረጥ የተለመደ ስሕተት ነው። በመጨረሻም ቡድኑ ይፈተሻል፦ አንድ ኒውሮን ስፓይክ ከለቀቀ በኋላ ለአፍታ ስለሚያርፍ፣ ከ3 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት የሚከታተሉ ስፓይኮች ከ1 በመቶ ገደማ ከበለጡ በቡድኑ ውስጥ የሌላ ኒውሮን ስፓይክ ተቀላቅሏል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ከማስታወስ ጋር በተያያዘው የአንጎል ክፍል በሂፖካምፐስና በአካባቢው ያሉ ብዙ ኒውሮኖች ዝምተኞች ናቸው። ለአንድ ሰው ፎቶ ብቻ ምላሽ የሚሰጥ ኒውሮን በሙሉ ቅጂው ውስጥ ጥቂት ስፓይክ ብቻ ሊለቅ ይችላል። ትልልቅ ቡድን ብቻ የሚፈልግ ስልት ያንን ጥቂት እንደ ጫጫታ ይጥለዋል፤ ለኪያን ኪሮጋ ግን ዋናው ነገር ያ ነበር።

ግኝቱ

በ2005 ኔቸር በተባለው መጽሔት የታተመው ጥናት በ8 ሕሙማን ላይ በ21 ክፍለ ጊዜ የተሠራ ነው። ከተለዩት 993 የቅጂ አሃዶች (እያንዳንዱ አሃድ የአንድ ወይም ያልተለያዩ የጥቂት ኒውሮኖች ስፓይክ ነው) 132ቱ ቢያንስ ለአንድ ምስል ምላሽ ሰጥተዋል። አሠራሩ ሁለት ደረጃ ነበረው። በመጀመሪያ 90 ያህል ምስሎች፣ እያንዳንዳቸው 6 ጊዜ፣ ለ1 ሰከንድ ይታያሉ። ቅጂው ወዲያው ይተነተንና ምላሽ የተገኘባቸው ሰዎችና ስፍራዎች ከተለያየ አቅጣጫ የተነሡ ፎቶዎች ተፈልገው ሌላ ሙከራ ይደረጋል። ሕመምተኛው የሚሠራው ምስሉ ላይ የሰው ፊት መኖር አለመኖሩን ቁልፍ ተጭኖ መንገር ብቻ ነው። ምላሽ ለመባል የስፓይኩ ብዛት ከመነሻው አማካይ በ5 መደበኛ ልይይት መብለጥ አለበት።

በአንድ ሕመምተኛ ሂፖካምፐስ ውስጥ የተገኘ አሃድ ለተዋናይት ጄኒፈር አኒስተን የተለያዩ ፎቶዎች ምላሽ ሰጠ፤ ከተዋናዩ ብራድ ፒት ጋር ሆና ስትታይ ግን ዝም አለ። ሌላው ለተዋናይት ሃሊ ቤሪ ፎቶ፣ ለእርሳስ ሥዕሏ፣ ጭምብል አጥልቃ ለታየችበት ምስል፣ ለተጻፈው ስሟም ጭምር ነቃ። በ2009 የወጣው ጥናት ደግሞ በድምፅ ሲጠራ ለሚሰማ ስም ምላሽ የሚሰጡ ኒውሮኖችን አሳየ። ኪያን ኪሮጋ እነዚህን «ጽንሰ ሐሳብ ሕዋሳት» አሏቸው።

ብዙ ጋዜጣ ይህን «ለአንድ ሰው አንድ ኒውሮን» ብሎ ተረጎመው፤ ስሕተት ነው። እንዲህ ያለ ኒውሮን አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በጥቂት አሥር ሽቦዎችና በመቶ ምስሎች የመገኘቱ ዕድል እጅግ የመነመነ በሆነ ነበር። ስለዚህ ለአንድ ሰው ብዙ ኒውሮኖች አሉ፤ አንዱ ኒውሮንም ለተዛመዱ ነገሮች ይሠራል። «ስታር ዋርስ» በተባለው ፊልም ገጸ ባሕርይ ለሉክ ስካይዎከር የነቃ ኒውሮን በዚያው ፊልም ላለው ለዮዳም ነቅቷል። ምላሹም የሚመጣው ምስሉ ከታየ ከ300 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። ፊትን ለመለየት ይህ ዘግይቷል፤ ኪያን ኪሮጋም ሕዋሳቱ የሚሠሩት ለማየት ሳይሆን ለማስታወስ ነው ይላሉ። በ2015 በ14 ሕሙማን ላይ የወጣው ጥናት ይህን አጠናከረ፦ አንድ ሰው ከአንድ የታወቀ ስፍራ ጋር በአንድ ፎቶ ተቀናብሮ ከታየ በኋላ፣ ቀድሞ ለሰውዬው ብቻ ምላሽ ይሰጥ የነበረ ኒውሮን ለስፍራውም ምላሽ መስጠት ጀመረ።

የስልቱ ወሰንም ተለክቷል። ቡድናቸው በ2012 በኮምፒውተር የተቀናበረ ቅጂ ሠርቶ ባደረገው ፍተሻ፣ ከአንድ ሽቦ በሚገባ መለየት የሚቻለው ቢበዛ 8 እስከ 10 ኒውሮን ሆኖ ተገኝቷል፤ በእውነተኛ ቅጂ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው። ሽቦው በሌሊት በጥቂት ማይክሮ ሜትር ሲንሸራተት የስፓይኩ ቅርጽ ስለሚለወጥ፣ የትናንቱን ኒውሮን ዛሬም ያው ነው ብሎ ለመናገር ቅርጹ ብቻ በቂ ማስረጃ አይሆንም።