ጂኦሎኬተር ምንድን ነው?

ጂኦሎኬተር ትንንሽ ዘማሪ ወፎች በፍልሰት ወቅት የት የት እንደደረሱ ለማወቅ ጀርባቸው ላይ የሚታሰር መሣሪያ ነው። ከጂፒኤስ ጋር አይምታታባችሁ። ከሳተላይት ጋር አይገናኝም፣ መልእክትም አይልክም። ያለው ሰዓት፣ ባትሪ፣ ሚሞሪና የብርሃን መለኪያ ነው፤ በቃ። መለኪያው ላባ እንዳይሸፍነው በአጭር ዘንግ ጫፍ ላይ ብቅ ይላል። ማሰሪያው ደግሞ በወፏ ሁለት ጭኖች ዙሪያ ይገባል፤ ክንፏን አይነካም።

ታዲያ ብርሃን ቦታን እንዴት ይናገራል? መሣሪያው ፀሐይ የወጣችበትንና የጠለቀችበትን ሰዓት ይይዛል። የሁለቱ መሃል እኩለ ቀን ነው። እኩለ ቀኑ 4 ደቂቃ ከዘገየ ወፏ 1 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ሄዳለች ማለት ነው። የቀኑ ርዝመት ደግሞ ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደራቀች ይጠቁማል። ብልሃቱ የድሮ መርከበኞች ነው፤ ወፍ ላይ መታሰሩ ነው አዲሱ።

ጂፒኤስን ትቶ በብርሃን የመለካቱ ጣጣ ሁሉ በክብደት ምክንያት የመጣ ነው። በተለምዶ የሚታሰረው ነገር ከወፏ ክብደት 5 በመቶ እንዳይበልጥ ይደረጋል። 12 ግራም ለምትመዝን ወፍ 0.6 ግራም መሆኑ ነው።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። ወፏ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ካደረች ንጋቱ የዘገየ ይመስላል፤ ስሌቱም በመቶ ኪሎ ሜትሮች ሊሳሳት ይችላል። በመጋቢትና በመስከረም ቀንና ሌሊት በየትም ቦታ እኩል ሲሆኑ ደግሞ የሰሜን–ደቡቡ ልኬት ጭራሽ ይጠፋል። ብዙ ወፎች የሚጓዙት ደግሞ ልክ በዚያን ሰሞን ነው!

ከሁሉ የሚብሰው ግን መረጃውን ለማግኘት ያቺኑ ወፍ እንደገና መያዝ ማስፈለጉ ነው። ብላክፖል ዋርብለር የምትባለው የሰሜን አሜሪካ ወፍ አትላንቲክን በቀጥታ ታቋርጣለች ወይስ አታቋርጥም የሚለው ለዓመታት ሲያከራክር ነበር። ተመራማሪዎች በአሜሪካዋ ቨርሞንትና በካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ 40 ወፎች ላይ መሣሪያውን አስረው ያገኙት 5 ብቻ ነው። አምስቱ ግን በቂ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው ከ2 እስከ 3 ቀን ሳያርፉ፣ ከ2,270 እስከ 2,770 ኪሎ ሜትር በውቅያኖስ ላይ በረዋል።

ዛሬ የሬዲዮ ምልክት የሚለቁ ትንንሽ መሣሪያዎችም አሉ። ወፏ በመቀበያ ማማ አጠገብ ስታልፍ ይመዘገባል፣ ዳግም መያዝም አያስፈልግም። ግን ማማ በሌለበት ምንም አይታወቅም፤ ውቅያኖስ መሃል ደግሞ ማማ የለም። ስለዚህ ጂኦሎኬተር ገና ሥራ አልፈታም።