ስም ማጥፋት ምንድን ነው? «እውነት እኮ ነው» ማለት ለምን አይበቃም?

«እውነት እስከሆነ ድረስ ስም ማጥፋት የሚባል ነገር የለም» የሚለው አስተያየት ሰልችቶናል። ሰው ይህን አምኖ ይጽፋል፤ መጥሪያ ሲደርሰው ወደ ጠበቃ ይሮጣል።

የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2044 ስም ማጥፋት የሚለው በሕይወት ያለን ሰው የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳቂያ የሚያደርግና ዝናውን ወይም የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ የሚጥል ንግግር ወይም ጽሑፍ ነው። ውሸት መሆን እዚያ መመዘኛ ሆኖ አልተቀመጠም። እውነት የሚመጣው በአንቀጽ 2047፣ በመከላከያነት ነው። የማስረዳት ሸክሙም የተናጋሪው ነው፤ ከሳሹ «ሐሰት ነው» ብሎ ማረጋገጥ አይጠበቅበትም።

ዋስ የገባ ሰውን አስቡ። ባለዕዳው ሲጠፋ አበዳሪው ዋሱን ይይዛል፤ «እኔ አልተበደርኩም» ቢል ማንም አይሰማውም። «እከሌ የማኅበሩን ብር በላ» ብሎ የጻፈም ለተናገረው ነገር እውነትነት ዋስ ገብቷል። «ሰው ነግሮኝ ነው»፣ «እየተባለ ነው» ማለት ተጨማሪ ባለዕዳ ያመጣ እንደሆነ እንጂ እሱን ከዋስትናው አያወርደውም። ብልህ ዋስ አስቀድሞ መያዣ ይጠይቃል። የጸሐፊ መያዣው ደረሰኝ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የኦዲት ሪፖርት፣ ችሎት ቀርቦ የሚመሰክር ሰው ነው። «ስሜን አታንሱ» የሚል ምንጭ ለምርመራ ይጠቅማል፤ መያዣ ግን አይሆንም። ነገሩ እውነት ሆኖ ሳለ ብዙዎች የሚረቱት እዚህ ላይ ነው፦ ያውቃሉ፣ ማስረዳት ግን አይችሉም።

ዋስትናው ተለይቶ ለተነገረ ድርጊት ነው። «የማኅበሩ አመራር ደካማ ነው» ማለት የሕዝብን ጉዳይ የሚመለከት አስተያየት ነውና አንቀጽ 2046 ይጠብቀዋል። ስለዚህ ትችትን ሁሉ «ስሜ ጠፋ» የሚሉ ባለሥልጣናትም ተሳስተዋል።

እውነቱን ያስረዳም ቢሆን ዓላማው ሰውየውን መጉዳት ብቻ ከነበረ ተጠያቂ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 613 ደግሞ ለመጉዳት ታስቦ የተነገረን እውነት ራሱን ይቀጣል፤ ልዩ ሁኔታዎቹ በ614 አሉ። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸመውን ስም ማጥፋት ከወንጀል አውጥቶ ወደ ፍትሐ ብሔር ቢወስደውም፣ በግል ፌስቡክ ገጹ የሚጽፍ ሰው በዚህ አይተማመን፤ በኮምፒውተር የሚሰራጭ ስም አጥፊ ጽሑፍን የሚቀጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 አለ።

ፎቶግራፍ ሌላ ጉዳይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 ያለ ፈቃድ የሰውን ምስል ማውጣት ክልክል ነው፤ ምስሉ እውነተኛ መሆኑ መልስ አይሆንም። አንቀጽ 28 ታዋቂ ሰውን፣ ባለሥልጣንንና በአደባባይ የተደረገን ነገር ለይቶ ያወጣል።

ጋዜጣ ተሳስቶ ከሆነ በአንቀጽ 2049 መውጫ አለው፦ የመጉዳት ሐሳብም ከባድ ቸልተኝነትም ሳይኖር ከጻፈ፣ ተበዳዩ እንደጠየቀ ወዲያው ቃሉን አንስቶ ይቅርታ መጠየቅ። ማረሚያውን «ጠበቃ እስክናማክር» እያሉ ለሳምንታት ማቆየት ይህን መውጫ ይዘጋል።