የታራሚን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ ምንድን ነው?

እስር ቤት ውስጥ ታራሚ በታራሚ ሲጎዳ የሚጻፈው «ጠባቂዎቹ እኮ አልነኩትም፣ እርስ በርሳቸው ተጣልተው ነው» የሚለው ኮሜንት ሰሞኑን እንደገና ሲዞር አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። ወንድሜ፣ አለመምታትማ ማንም ሰው ላይ ያለ ግዴታ ነው። ጠባቂው ላይ የሚጨመረው፣ ታራሚው ራሱን የሚያድንበት ነገር ሁሉ ስለተወሰደበት ነው፣ ፈርቶ ክፍል አይቀይርም፣ ታሞ ተነስቶ ሀኪም ጋ አይሄድም።

ሹፌር የአውቶብሱን በር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ ከኋላ ጭስ ሲነሳ «እኔ አልለኮስኩም» ቢል ማን ይሰማዋል? ክብሪቱን የጫረው ተሳፋሪ ሊሆን ይችላል፣ ሂሳብ ያልከፈለም ይኖራል፣ ቁልፉ ግን ሹፌሩ ጋ ነው። እሳት በጭራሽ እንዳይነሳ ዋስትና ስጥ ያለውም የለም፣ ጭሱ እየሸተተው፣ ሰው እየጮኸለት ምን አደረገ ነው ጥያቄው። (እሳት ማጥፊያ ያልገዛው ባለንብረትም አይቀርለትም፣ እስር ቤትም አንድ ጠባቂ ለስንትና ስንት ክፍል አቁሞ ሁሉንም ተረኛው ላይ መደፍደፍ አይሆንም።)

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች (የታራሚ አያያዝ ዝቅተኛ መመዘኛዎች ናቸው) ገና 1ኛው ላይ የታራሚም የሠራተኛም የጎብኚም ደህንነት ሁልጊዜ ይጠበቅ ይላሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1994 እ.ኤ.አ. ከባድ አደጋ መኖሩን እያወቀ ችላ ያለ ሠራተኛ ይጠየቃል ብሏል። ይሄ ግን የሕገ መንግሥት ክስ መመዘኛ ነው፣ በተራ ቸልተኝነት ካሳ መጠየቅ ሌላ መስመር ነው፣ ሁለቱን አታደባልቁ።

በተግባር ጉዱ የሚወጣው ጠባቂው የሌሊት ዙሩን የሚጽፍበት መዝገብ ላይ ነው። ሌሊት 7:00 ሰላም፣ 8:00 ሰላም፣ 9:00 ሰላም፣ አንዷ ደቂቃ እንኳን ሳትዛነፍ! እንዲህ ድርድር ያለ መዝገብ ሳይ ቁጭ ተብሎ የተሞላ ይመስለኛል። ዙር ማለት በመስኮቷ አጮልቆ ብርድ ልብስ አይቶ ማለፍ አይደለም፣ ሰውየው ሲተነፍስ ማየት ነው፣ በተለይ አዲስ የገባ ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስን ለማጥፋት የሚያሰጉ ናቸውና። ሰዓቱም አንድ ዓይነት ከሆነ ታራሚዎቹ ያጠኑታል።

«ታዲያ የተዛተበትን ለብቻው መቆለፍ ነዋ» ለምትለው፣ ለአንድ ሌሊት ይሁን። በቀን 22 ሰዓትና ከዛ በላይ ሰው ሳያገኝ ከ15 ተከታታይ ቀን ካለፈ ግን እነዛው የማንዴላ ደንቦች የከለከሉትን እያደረግክ ነው። የሚዝተውን አዛውረው፣ ስጋቱን ማን ለማን መቼ እንደተናገረም ያኔውኑ ጻፈው።